ሰኞ 10፣ ሐሙስ 5፦ ጉልበቴ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?

የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። ዛሬ ግን ብረቱን ጨርሶ ልተወው ስል፣ መጀመሪያ ሰው ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።

የምሠራው ቤት ጓሮ ነው። አንድ የውሃ ቧንቧ ብረት አለኝ፤ ግራና ቀኙ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ተተክሎበታል። ከሠፈር ልጅ ነው የገዛሁት፤ 60 ኪሎ ነው ብሎኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቼ እገፋለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፤ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። የመጀመሪያውን ዙር እስኪያቅተኝ እገፋና ስንት ጊዜ እንደሆነ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከጥቅምት 3 ጀምሮ አንድም ቀን አልዘለልኩም። የስድስቱ ሳምንት ይኸውና፦

1ኛ፦ 8፣ 6፣ 7
2ኛ፦ 7፣ 9፣ 6
3ኛ፦ 8፣ 5፣ 8
4ኛ፦ 9፣ 7፣ 8
5ኛ፦ 6፣ 9፣ 9
6ኛ፦ 10፣ 5፣ 9

ባለፈው ሰኞ 10 ስገፋ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐሙስ 5! በሦስት ቀን ውስጥ ግማሽ ጉልበት የት ይሄዳል? ስድስት ሳምንት ለፍቼ፣ መጀመሪያ ቀን ከገፋሁት በታች ወረድኩ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ይቆጥራል። 5 ላይ ስቆም ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ራሱ ከበደኝ።

ሚዛኑም ግራ ያጋባኛል። በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት 68.2 ነበርኩ። እሁድ ዘመድ ቤት ክርስትና ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ስቆምበት 69.9። በሁለት ቀን ይህን ያህል ወፍሬ ነው? ረቡዕ ደግሞ 68.5 ሆነ።

የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


የጫጫ ሯጭ
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ አትተው። በሽታህን አውቀዋለሁ፤ እኔንም ይዞኝ ነበር።

እኛ ሠፈር የምንሮጥባት አንዲት መንገድ አለች። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ሰዓት እይዝ ነበር። ትናንት ከሮጥኩት በሃያ ሰከንድ ከዘገየሁ ቀኑ ሙሉ ይበላሽብኛል። ስለዚህ በማግስቱ ልበቀለው ብዬ ከአቅሜ በላይ እሮጣለሁ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ክረምት እንደዚህ አለፈ፤ ምንም አልተሻሻልኩም። በኋላ አንድ የቆየ ሯጭ አየኝና “አንተ እኮ ልምምድ አትሠራም፤ በየቀኑ ፈተና ላይ ነው የምትቀመጠው” አለኝ።

አንተም እንደዚያው ነህ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እስኪያቅትህ መግፋት ፈተና ነው። የሀገራችንን ልጅ ጌጤ ዋሚን አስባት። በ2007 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በርሊን ማራቶንን አሸነፈች፤ በ35 ቀኗ ኒው ዮርክ ላይ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። ዓለም ያን ያህል የተደነቀው ለምንድን ነው? ማራቶን የሚሮጥ ሰው እንዲህ ተቀራርቦ ስለማይወዳደር ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁሉ ቀለል ያለ ቀን፣ ጠንከር ያለ ቀን፣ የእረፍት ቀን እያለ ይሠራል እንጂ በየጠዋቱ ራሱን አይፈትንም።


ደብተር የተወው
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 3፡50

ከልቤ ልምከርህ፤ ደብተሩን ተወው። እኔ ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ቁጥሩ ሲወርድ ምግብ አይጥመኝም፣ ከሰው ጋር አልጫወትም ነበር። እናቴ “ምን ሆነሃል?” ስትለኝ “ሁለት ቀነሰብኝ” ማለት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ እሠራለሁ። ደስ ሲለኝ እጨምራለሁ፣ ሲከብደኝ እቀንሳለሁ። ጤናዬ ተመልሷል።


አንጋፋ ብረት (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ ብረት ካነሳሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ወጣቶችም አሠራለሁ። ከላይ የተጻፈውን በሙሉ አንብቤዋለሁ።

የጠባሴው፣ መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ብቻህን ነው የምትገፋው? ወንድምህ ይቆጥራል ብለሃል። ሲያቅትህ ብረቱን ከደረትህ ላይ የማንሳት አቅም አለው? የሲሚንቶ ብረት ከጂም ብረት የባሰ ነው፤ ቆርቆሮው የተተከለ ስለሆነ በአንድ ጎን አዘንብለህ ክብደቱን ማራገፍ አትችልም። ግራና ቀኝህ ላይ ከደረትህ ትንሽ ከፍ የሚል ጠንካራ እንጨት ወይም ብሎኬት አስቀምጥ። ሲያቅትህ ብረቱ እዚያ ላይ ይረፍ። እሱ እስኪዘጋጅ ድረስ እስኪያቅትህ አትግፋ፤ ሁለት ሲቀርህ አቁም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ግማሽ ጉልበትህ አልጠፋም። 10 እና 5 የድግግሞሽ ቁጥር እንጂ የጉልበት ቁጥር አይደሉም። አንድ የቆየ ስሌት አለ፤ አሜሪካዊው አሰልጣኝ ቦይድ ኤፕሊ ያወጣው ነው። ክብደቱን በድግግሞሹ ታበዛና ለ30 ታካፍላለህ፤ በተገኘው ላይ ክብደቱን ትደምራለህ። በግምት አንዴ ብቻ ልትገፋው የምትችለውን ይሰጥሃል። 60 ኪሎ 10 ጊዜ ማለት 80 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ 5 ጊዜ ደግሞ 70። እና የወረድከው ከ80 ወደ 70 ነው፤ ከስምንት አንድ እጅ። ጥቂት አይደለም፤ ግን ግማሽም አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ወይም በባዶ ሆዱ የሠራ ሰው ላይ ይህን የመሰለ መውረድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ያልጻፍከውን ንገረኝ። ስንት ሰዓት ላይ ሠራህ? ምን ያህል ተኝተህ? ምን በልተህ? በዋዜማው ምን ስትሠራ ዋልክ?


የጠባሴው
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፤ ብረቱን ማንሳት አይችልም። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ብሎኬት አመጣለሁ።

የምሠራው መጋዘን ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ተረኛ ሆኜ ባደርኩበት ቀን ጠዋት እገባና “ከተኛሁ አልነሳም” ብዬ ሳልተኛ በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሠርቼ ነው የምተኛው። ሌላውን ጊዜ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን ለየብቻ አልጻፍኩትም፤ ግን የተረኛ ሠሌዳውን አገላብጬ አስታወስኩ። ጠዋት የሠራሁት አምስት ቀን ነው፦ የ1ኛው ሳምንት ሐሙስ (6)፣ የ3ኛው ሐሙስ (5)፣ የ4ኛው ሐሙስ (7)፣ የ5ኛው ሰኞ (6)፣ የ6ኛው ሐሙስ (5)።

የ2ኛው ሳምንት ቅዳሜ 6 ግን ማታ ነበር። ዓርብ ገጠር ወርጄ ለአባቴ ገብስ ሳጭድ ውዬ ነው። ቅዳሜ ወገቤን ማቃናት አቅቶኝ ነበር።


ቁጥር ወዳጅ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ብረት አላነሳም፤ ሒሳብ ነው የምማረው። ቁጥሮቹን ሳይ ግን እጄ በላኝ።

መጀመሪያ ሳልመርጥ የየሳምንቱን ሦስት ቁጥር ደምሬ ለሦስት አካፈልኩ። 7፣ 7.3፣ 7፣ 8፣ 8፣ 8 መጣ። ይህ ብቻውን ወደ ላይ ይሄዳል። ሐሙስ አንገትህን ያስደፋህ 5 ያለበት የ6ኛው ሳምንት አማካይ እንኳ ከመጀመሪያው ሳምንት ይበልጣል።

ቀጥዬ የጠዋቶቹን ለብቻ አወጣሁ። ማታ የሠራኸው ብቻ ሲቀር፦ 7.5፣ 7.3፣ 8፣ 8.5፣ 9፣ 9.5።

እስቲ ቀስ ብለህ አንብበው። ማታ ማታ ስትሠራ በስድስት ሳምንት ሁለት ድግግሞሽ ጨምረሃል። አጨዳውን አላወጣሁትም፤ እሱም ገብቶ ነው። ጠዋቶቹ ግን 6፣ 5፣ 7፣ 6፣ 5 ናቸው። ወደ የትም አይሄዱም።


አንጋፋ ብረት
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡00

ቁጥር ወዳጅ፣ ተባረክ። አጨዳውን አለማውጣትህ በተለይ ደስ ብሎኛል። ቁጥሩ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ቀኑን የሚሰርዝ ሰው ራሱን ይሸነግላል። የ4ኛው ሳምንት ሐሙስ 7 ደህና ቁጥር ነበር፤ ግን ጠዋት ስለሆነ ከጠዋቶቹ ጋር ሄደ። ደንቡ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት። የምትለየው በሰዓቱና በሁኔታው እንጂ ቁጥሩ አምሮ ወይም አስጠልቶ አይደለም።

የጠባሴው፣ ሁለት ነገር ተደራርቦብሃል። አንዱ አለመተኛትህ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ራሱ ነው። የሰውነታችን ሙቀት ከንጋት በፊት ዝቅ ይላል፤ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ጉልበቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ማለዳ መሥራት ክፉ አይደለም፤ ሁልጊዜ ማለዳ የሚሠራ ሰው ይለምደዋል። ክፉው የማለዳውን ከማታው ጋር ማወዳደር ነው። ሐሙስ ጠዋትን ከሰኞ ማታ ጋር ማስተያየት የመሐል ሜዳን ገብስ ከሮቢት ማሽላ ጋር እንደማስተያየት ነው።

ተረኛ ባደርክበት ጠዋት ተኛ። ከሰዓት ስትነሳ ቀለል አድርገህ ሥራ፤ አትቁጠር። ፈተና በሳምንት አንዴ ይበቃሃል፤ ቅዳሜ ማታ።

ደብተር የተወው፣ ያልከውን አላጣጥልም። ቁጥር የሚያስጨንቀው ሰው አለ፤ ለእሱ አለመጻፉ መድኃኒት ነው። መካከለኛ መንገድም አለ። ጽፈህ ዝጋው፤ በወር አንዴ ብቻ ግለጠው። የማሠራቸው ሁለት ልጆች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ደብተራቸው እኔ ጋ ነው የሚያድረው።


የሌሊት ነርስ (ሸዋ ሮቢት)
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 3፡10

ስለ ሚዛኑ ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልሞክር።

በሁለት ቀን 1.7 ኪሎ ስብ አልጨመርክም። አይቻልም ማለት ይቀላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። 1.7 ኪሎ ለመጨመር ከዕለት ፍላጎትህ በላይ 13,000 ካሎሪ መብላት ነበረብህ። ክርስትናው የቱንም ያህል የደመቀ ቢሆን ይህን ያህል አትበላም።

የጨመረው ውሃና ሆድህ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ወጡ ጨው አለው፤ ጨው ውሃ ይይዛል። እንጀራው ደግሞ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ጉልበት ሆኖ ሲከማች፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ረቡዕ የወረደው እሱ ነው። ጤነኛ ሰው በቀናት ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ሳትበላ ተመዘን። የሰባቱን ቀን አማካይ ብቻ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያይ።

ሚዛኑ የተቀመጠውስ የት ነው? ምንጣፍ ወይም ወጣ ገባ የአፈር ወለል ላይ ከሆነ ያሳስትሃል። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አድርገው፤ ቦታውን አትቀይር።

የራሴንም ልንገራችሁ። እኔም ተረኛ ሠራተኛ ነኝና ይገባኛል። ሮቢት ላይ ማለዳ ሳይሞቅ 5 ኪሎ ሜትር በ31 ደቂቃ እሮጣለሁ። እህቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ልጠይቃት ስወጣ እዚያም ሮጥኩ። 35 ደቂቃ! ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ከሮቢት ደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ነው። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። መጀመሪያ ጊዜ “ደክሜያለሁ፣ ሰንፌያለሁ” ብዬ አዝኜ ነበር። አሁን ለደብረ ብርሃን ሌላ ገጽ ከፍቻለሁ።

ሌላ የማልተወው ልማድ አለኝ። ስነቃ ከአልጋ ሳልወርድ የልብ ምቴን አንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ። የተለመደው 58 ነው። በተከታታይ ሁለት ሦስት ቀን ከ65 በላይ ከሆነ ወይ አልተኛሁም፣ ወይ ሕመም እየመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ቀለል አደርጋለሁ። ሲሠሩ ደረት የሚወጋ፣ ራስ የሚያስት ወይም ያለ ምክንያት ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ግን በደብተር አይታይም። ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።


መምህር ከመንዝ (መሐል ሜዳ)
ኅዳር 18፣ ከቀኑ 7፡00

ሲስተር፣ ያልሽው ከፍታ እኛን ይበልጥ ይመለከታል፤ እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። የእኔ ጣጣ ግን ብርዱ ነው።

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ አግዳሚ ብረት አለ። ማለዳ ተማሪ ሳይገባ ተንጠልጥዬ ራሴን እስባለሁ። መስከረም ላይ 9 ደርሼ ነበር። ኅዳር ውርጭ ሲገባ 5 እና 6 ላይ ቀረሁ። ጀርባዬ የደከመ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳስተውል የሚለቀው ጀርባዬ አይደለም፤ ጣቶቼ ናቸው። ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ጣት ሲደነዝዝ አይጨብጥም። ከዚያ ወዲህ 15 ደቂቃ ሶምሶማ ሮጬ፣ እጄን አሟሙቄ፣ በብረቱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ነው የምጀምረው። በሳምንቱ 8 ተመለሰ።

ቁጥሩ ሲወርድ “ምን ያህል ወረደ?” ከማለት በፊት “የቱ ነው የለቀቀው?” በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ሌላ ቦታ ነው።


የሁለት ልጆች እናት (ደብረ ሲና)
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡20

እኔ ብረትም ሜዳም የለኝም። ግን እኔም እለካለሁና ልጻፍ ብዬ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉልበቴ ተሟጦ ነበር። ከቦኖ ወደ ቤት ዳገት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ስወጣ ስንት ጊዜ እንዳረፍኩ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰባት ጊዜ አርፍ ነበር። ውሃው ሁልጊዜ 20 ሊትር ነው፤ ዳገቱም ያው ነው። ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለም።

አንድ ነገር ወንዶቹ አይነግሯችሁም። በወር ውስጥ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነቴ ያብጣል፤ ሚዛን ላይ ኪሎ ይጨምራል፣ ዳገቱም ይረዝምብኛል። ሲመጣ ይቀላል። ሁሉም ሴት እንደ እኔ አይደለችም፤ ምንም የማይሰማት አለች። እኔ ግን ያንን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ትቻለሁ። ካለፈው ወር ያው ሳምንት ጋር አስተያያለሁ። አራት ወር ሙሉ “እየባሰብኝ ነው” እያልኩ ያለቀስኩት በከንቱ ነበር።

አሁን ሁለት ጊዜ ነው የማርፈው።


የጫጫ ሯጭ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ ከሰባት ወደ ሁለት! ይህ እኮ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ በአንድ ዓመት የዚህን ሲሶ አላሻሻልኩም።


ጾመኛው
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 2፡00

የነቢያት ጾም ገብቷል። እስከ 9 ሰዓት የምንጾም ሰዎች ምን እናድርግ? እኔ በጾም ወቅት ሁልጊዜ እወርዳለሁ። ብረቱን እስከ ገና ልተወው ወይስ ልቀጥል?


አንጋፋ ብረት
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 6፡30

ቀጥል። እኔም እጾማለሁ።

ሰዓቱን ቀይር። በባዶ ሆድ በ8 ሰዓት ከምትገፋ፣ በ9 ሰዓት በልተህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሥራ። ውሃ በደንብ ጠጣ፤ አገራችን ደጋ ስለሆነ ጥማት አይሰማንም፣ ግን ብርዱም ያደርቃል። ምግቡ ላይ ጡንቻ የሚጠግነው ነገር እንዳይጎድል ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ አትርሳ። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እንጀራና ሽሮ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ቆሎና በሶ ደግሞ እኛ ሀገር ሞልቷል።

ደብተርህ ላይ የጾሙን ሳምንታት በሌላ ቀለም ጻፍ። ካለፈው የገና ጾም ጋር አስተያያቸው እንጂ ከጥቅምት ጋር አይደለም። ካልጻፍክ ዘንድሮ ጀምር፤ ለከርሞ ይጠቅምሃል። በጾም ቁጥሩ ባለበት ከቆየ ለእኔ ጨምረሃል ማለት ነው።


የአጣዬ ልጅ
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 9፡40

በረመዳን እኛም ያው ነን። እኔ ከኢፍጣር (ጾም ከምንፈታበት ሰዓት) በፊት ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ እሠራለሁ፤ ብረቱን ከኢፍጣር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ። መጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። በሁለተኛው ሰውነት ይለምደዋል። በዒድ ማግስት ራሳችሁን አትፈትኑ፤ የዚያን ቀን ቁጥር ስለ ጉልበታችሁ ምንም አይነግራችሁም።


የጠባሴው
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡10

ጠፋሁ አይደል? የምነግራችሁ ነገር አገኘሁና መጣሁ።

መምህሩ “የቱ ነው የለቀቀው?” ያሉት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ ስገፋ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ቀኝ ትከሻዬ ነው። ማታ ማታም ያመኛል። ቀኝ እጄ ደካማ ነው እያልኩ ነበር። እስቲ ብዬ ብረቱን ከወንድሜ ጋር ተሸክመን ሠፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድን፤ የእህል ሚዛን አላቸው። ባለቤቱ ተገርመው ፈቀዱልን።

ሙሉውን ስናስቀምጠው 57.5 ኪሎ። 60 አይደለም! ከዚያ አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን በእኩል ከፍታ ጣውላ ላይ አሳረፍነው። አንደኛው ጫፍ 30፣ ገልብጠን ሌላውን ስንመዝን 27.5። ሁለት ኪሎ ተኩል ይበላለጣል። ከባዱ ጫፍ ደግሞ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበር፤ ወንበሩን ከግድግዳው አንጻር ስለማስቀምጠው አገላብጬው አላውቅም።

ስድስት ሳምንት ቀኝ ትከሻዬን “ደካማ” እያልኩ ስወቅሰው ነበር። እሱ የበለጠውን ተሸክሞ ነበር።


ቁጥር ወዳጅ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡35

ዋው! ግን አትዘን፤ የድሮው ቁጥር አልተበላሸም። 60 ይሁን 57.5፣ ሁልጊዜ ያው ብረት ነው፤ በያው በኩል ነው የተገፋው። ከ7.5 ወደ 9.5 መጨመርህ እውነት ነው። የሚስተካከለው የጋሼ ስሌት ብቻ ነው። 80 የተባለው 76.7 ገደማ ይሆናል።


አንጋፋ ብረት
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያደረገ ተማሪ አላየሁም። በቀላሉ ጫፍ ላይ 2.5 ኪሎ አሸዋ በጆንያ ጨርቅ ቋጥረህ እሰር፤ አጥብቀህ፣ እንዳይወዛወዝ። ያኔ 30 በ30 ይሆናል፤ ብረትህም እውነተኛ 60 ይሆናል። ትከሻህን አንድ ሳምንት አሳርፈው። ሕመሙ ካልለቀቀህ ለሐኪም አሳየው። ስትጀምር አዲስ ገጽ ክፈት፤ ከድሮው ጋር አትቀጥለው፤ መለኪያው ተቀይሯል።


ደብተር የተወው
ታኅሣሥ 3፣ ከጠዋቱ 1፡50

ይህን አንብቤ ትናንት ማታ የድሮ ደብተሬን ከሳጥን አወጣሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሰዓቱን አልጻፍኩም። ስንት እንደተኛሁ አልጻፍኩም። ቁጥር ብቻ። በራሴ ላይ ያን ያህል የፈረድኩት በምን ማስረጃ ነው?


የጠባሴው
ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡30

እንኳን ከጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

የአዲሱ ገጽ ቁጥር ይኸውና። እውነተኛ 60 ኪሎ፤ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል፤ ብሎኬቱ በቦታው አለ። ስድስቱ ሳምንት፦ 8፣ 7፣ 8፣ 9፣ 9፣ 10። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጾም ናቸው። 7 አጠገብ “ጉንፋን፣ 4 ሰዓት እንቅልፍ” ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት። የዚያን ቀን በደንብ ራቴን በላሁ፤ ከወንድሜ ጋርም ስንጫወት አመሸን። በጥቅምት ቢሆን አልጋ ውስጥ ገብቼ ጣሪያ ሳይ ነበር የማድረው።

የትከሻዬ ሕመም ለቆኛል። ተረኛ ባደርኩ ቀን ጠዋት እተኛለሁ። የሰባት ቀን የክብደት አማካዬ 68.9 ነው፤ በኅዳር 68.6 ነበር። ሚዛኑን ከምንጣፍ ላይ አንስቼዋለሁ።

ወንድሜም ደብተር ገዝቷል። ፑሽ አፕ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከቁጥሩ በፊት የጻፈው “በ11 ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቆሎ በልቼ” የሚል ነው።


የሁለት ልጆች እናት
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡05

ለወንድምህ ሰላምታ አድርስልኝ። እኔ ባለፈው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ወጣሁ። ትናንት ሦስት። ልጁ ጥርስ እያወጣ ነው፤ ሌሊቱን አልተኛሁም።


የጫጫ ሯጭ
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁላችሁም ደስ ትላላችሁ። የጠባሴው፣ እኔም ለእግር የምሠራበት የሲሚንቶ ብረት አለኝ፤ አሁን ተጠራጠርኩት። ያ ወፍጮ ቤት ስንት ሰዓት ይከፈታል? ጭኜው ልምጣ።


የጠባሴው
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡30

ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። በገበያ ቀን ግን አትምጣ፤ እህል የሚያስፈጭ ሰው ይሰለፋል፣ ሚዛኑም ባዶ አይሆንም። በአዘቦት ቀን ና፤ አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሃለሁ።